ቁስሉ ዳነ፤ ትውስታው ግን? የጭንቅላት ጉዳትና ሂፖካምፐስ በደቡብ ኦሞ

ሰው ከሞተር ወድቆ ወይም በዱላ ተመትቶ ሲመጣ በአካባቢያችን ቀድሞ የሚጠየቀው «ደም ፈሰሰው ወይ?» ነው። ቀጥሎ «አጥንቱስ ደህና ነው?» ይባላል። ቁስሉ ተሰፍቶ፣ ፋሻው ተፈትቶ፣ ሰውየው በእግሩ መሄድ ሲጀምር «እግዜር አወጣው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ቤተሰቡ ሌላ ነገር ማየት ይጀምራል። ገበያ የተላከበትን ዕቃ ረስቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ተማሪ ከሆነ ደግሞ የልጅነቱን ነገር አንድ በአንድ ያወራል፤ ትናንት የተማረውን ምዕራፍ ሲጠየቅ ግን ጭራሽ እንዳላየው ሰው ያፈጣል። ያኔ ስም ይወጣለታል። «ሰነፈ» ይባላል፣ «ደነዘዘ» ይባላል፣ ሲብስም «ልክፍት ነው» ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚመጣ እንዲህ ያለ መርሳት ስንፍናም እርግማንም አይደለም። እንደ ተሰበረ እግር ሁሉ የአካል ጉዳት ነው። ልዩነቱ የተሰበረው እግር ለሁሉም ሲታይ ይኼኛው አለመታየቱ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ሂፖካምፐስ ምንድነው?

አማርኛችን ትውስታን ብዙ ጊዜ ከልብ ጋር ያያይዘዋል። «ልብ በል» እንላለን፣ የረሳነውንም «ከልቤ ጠፋ» እንላለን። ሳይንሱ ግን ቦታውን አንጎል ውስጥ አግኝቶታል። ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከጆሮ ግንዳችን ወደ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገብቶ፣ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ሆኖ ይገኛል። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የባሕር ፈረስ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሐኪም አራንዚ ሲሆን፣ ምክንያቱም የተጠማዘዘው ቅርጹ የባሕር ፈረስ የምትባለዋን ትንሽ ዓሣ ስለሚመስል ነው።

ሥራውን ለመረዳት አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ። ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ይሰጠውና ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። በኋላ ሲፈለግም በቁጥሩ ተፈልጎ ይገኛል። ሂፖካምፐስም እንዲሁ ነው። ያየነውን፣ የሰማነውንና የተማርነውን ተቀብሎ እርስ በርስ ያያይዘዋል፤ ቀስ በቀስም በሌሎች የአንጎል ክፍሎች ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርጋል። እንግዲህ መዝገብ ቤቱ ተዘጋ እንበል። የድሮዎቹ ፋይሎች መደርደሪያቸው ላይ አሉ። አዲስ የመጣው ደብዳቤ ግን ቁጥር ሳያገኝ ይባክናል።

ይህን ለዓለም ግልጽ ያደረገው ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. ዊሊያም ስኮቪል የተባለ ሐኪም ከባድ የሚጥል በሽታውን ለማቆም ሲል ከሁለቱም ወገን ሂፖካምፐሱን አብዛኛውን ክፍልና በአካባቢው ያለውን ሥጋ ቆርጦ አወጣለት። በሽታው ቀነሰለት። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ስትመረምረው በመጣች ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ይተዋወቃት ነበር። ልጅነቱን ግን ያስታውስ ነበር። ንግግሩና የማሰብ ችሎታውም ደህና ነበሩ። የሁለቱ ተመራማሪዎች ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ወጣ። ሞሌይሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ በዚሁ ሁኔታ ኖሯል።

ከእሱ የተገኘ ሌላም ትምህርት አለ። በመስታወት ውስጥ እያየ ሥዕል እንዲከተል ሲደረግ እጁ ከቀን ወደ ቀን እየተካነ ሄደ፤ መለማመዱን ግን ጨርሶ አያስታውስም። ስለዚህ የእጅ ልምድና የክስተት ትውስታ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ላም ማለብ ወይም ሞተር መንዳት ስላልረሳ «እያወቀ ነው የሚያስመስለው» የሚባለው ስህተት የሚመነጨው ይህን ካለማወቅ ነው።

ምቱ እዚያ ድረስ እንዴት ይዘልቃል?

አንባቢ «ሂፖካምፐስ ይህን ያህል ጥልቀት ውስጥ ካለ ላይ ላዩን የተመታ ሰው እንዴት እሱ ይጎዳበታል?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። መልሱ «የራስ ቅል» በሚለው ቃላችን ውስጥ አለ። ወተት የያዘ ቅል በድንገት ሲወድቅ ወይም ሲመታ ምን ይሆናል? ቅሉ ቆመ ማለት ወተቱ ቆመ ማለት አይደለም። ውስጡ ይናጣል፣ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። አንጎልም ለስላሳ ሆኖ በፈሳሽ መካከል የተቀመጠ ነው። ቅላችን ሳይሰነጠቅ፣ አንድ ጠብታ ደምም ሳይታይ አንጎላችን ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በሁለት ዙር ይመጣል። የመጀመሪያው በምቱ ቅጽበት የሚደርሰው ነው። አንጎል ከአጥንት ጋር ይጋጫል፤ ከጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ ሻካራ አጥንት ላይ የተቀመጠ ስለሆነ በቀላሉ ይቀጠቀጣል። የነርቭ ሴሎችን የሚያገናኙት ቀጫጭን ክሮችም ይለጠጣሉ፣ ይበጠሳሉ።

ሁለተኛው ዙር ከደቂቃዎች እስከ ቀናት የሚቀጥል ነው። የተጎዱት ሴሎች ግሉታሜት የሚባለውን ኬሚካል ከመጠን በላይ ይለቃሉ። በጤናው ጊዜ ይህ ኬሚካል ሴሎች የሚነጋገሩበት ነው። ሲበዛ ግን ካልሲየም ወደ ሴሎቹ ውስጥ እንዲጎርፍ አድርጎ ይገድላቸዋል። በዚህ ላይ አንጎል ያብጣል። ቅል ደግሞ እንደ ሆድ አይለጠጥም። ግፊቱ ሲጨምር ደምና ኦክስጅን እንደልብ መድረስ ያቅታቸዋል።

ሂፖካምፐስን ለየት የሚያደርገው ለዚህ ለሁለተኛው ዙር እጅግ ስስ መሆኑ ነው። ሲኤ 1 እና ሲኤ 3 በሚባሉት ክፍሎቹ ያሉት ሴሎች የግሉታሜት መቀበያ የበዛባቸው፣ የኦክስጅን እጥረትም ቶሎ የሚጎዳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጭንቅላት ጉዳት የሞቱ ሰዎችን አንጎል የመረመሩ ባለሙያዎች ከአሥሩ በስምንት ያህሉ ላይ ሂፖካምፐስ ተጎድቶ አግኝተውታል። ምቱ ያረፈው ግንባር ላይም ይሁን ማጅራት ላይ መዝገብ ቤቱ ይነካል ማለት ነው።

በእርግጥ መርሳት ሁሉ ከሂፖካምፐስ ብቻ አይመጣም። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ሰው ትኩረቱን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ ትኩረት ያልተሰጠው ነገር ደግሞ መጀመሪያውኑ አይመዘገብም። እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታትና ጭንቀትም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁሉ ተደራርበው ነው የሚመጡት።

የሚጠፋው የትኛው ነው?

ከጉዳት በኋላ ሁለት ዓይነት መርሳት ይታያል። አንደኛው ወደኋላ ያለውን መርሳት ነው። ሰውየው ምቱን ራሱን፣ ከዚያም በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት አያስታውስም። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንዳስተዋለው ቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ሲሆን የሩቁ ይተርፋል። በመዝገብ ቤት ምሳሌያችን ገና ያልተመዘገበው ደብዳቤ ይጠፋል፣ መደርደሪያ የገባው ይቀራል። ስለዚህ «የአያቱን ስም ካወቀ ደህና ነው» ማለት ትክክለኛ ፈተና አይደለም።

ሁለተኛው ወደፊት ያለውን መርሳት ነው። ሰውየው ነቅቷል፣ ያወራል፣ አዲስ ነገር ግን አይዝም። ይህ ግራ የመጋባት ጊዜ ስንት እንደቆየ ማወቅ የጉዳቱን ክብደት ለመገመት ይረዳል። ከአንድ ቀን በታች ከሆነ በአመዛኙ ቀላል ነው፤ ከሳምንት ካለፈ ግን ከባድ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. በግላስጎው የወጣው የንቃት መለኪያ አለ። ዓይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን አይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። መሣሪያም መብራትም አይፈልግም፤ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ በዓይኑና በጆሮው ብቻ ሊሠራበት ይችላል።

ዱላ፣ ሞተርና የዛፍ ላይ ቀፎ

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ደቡብ ኦሞ ሲባል ውጭ ላለው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የሙርሲዎች የዱላ ፍልሚያ ነው። ሁለት ሜትር ያህል በሚረዝም ዱላ ወጣቶች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው ዝም ብሎ ድብድብ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሕግ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ተጋጣሚን መግደልም ክልክል ነው። ለእጅ፣ ለክርንና ለጉልበት መከላከያ ይደረጋል። ሕጉን የሠሩት ሽማግሌዎች አካል እንዳይጠፋ አስበዋል ማለት ነው።

የአንጎል ሳይንስ እዚህ ላይ የሚጨምረው አንድ ነገር ነው፤ እሱም የምት ብዛት ነው። ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. ለዓመታት የተመቱ ቦክሰኞች እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ አእምሯቸው እንደሚደክም ጽፎ ነበር። ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. አንድ የሞተ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋችን አንጎል መርምሮ ተመሳሳይ ጉዳት ማግኘቱን አሳወቀ። ከዚህ የምንማረው አንጎል የመጀመሪያውን ምት ሳይረሳ ሁለተኛው ከተደገመ ጉዳቱ እንደሚደራረብ ነው። ዛሬ ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ወጣት በሚቀጥለው ቀን እንደገና መግጠም የለበትም። ይህን ከውጭ የመጣ ሰው በትእዛዝ ሊያስቆመው ከሚሞክር ዳኞቹና ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «ራሱ የዞረበት ይቆይ» ቢሉ የበለጠ ይሰማል። አካልን የሚጠብቅ ሕግ አስቀድሞ አላቸውና።

ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር በዱላ ማሳበብ ልክ አይደለም። ጂንካ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው የቅርቡ አደጋ ሞተር ነው። ከከተማ ወደ ገጠር ቀበሌ ሁለትና ሦስት ሰው ጭኖ፣ አቧራውን እያስነሳ የሚሄደውን ሞተር የማያውቅ የለም። ሄልሜት ግን ስንቶቻችን እናደርጋለን? በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የሚሞቀው፣ ፀጉር የሚያበላሸው ሄልሜት በውስጡ የሚጠብቀው የተማርነውን ሁሉ ነው። ከዚህም ሌላ ቀፎ ለመስቀል ወይም ማር ለመቁረጥ ዛፍ የሚወጣ ሰው አለ። በበሬ የሚረገጥ እረኛም አለ። የምክንያቱ መልክ ቢለያይም ለአንጎል ሁሉም ያው ነው።

በእኛ ዘንድ ትውስታ ለምን ውድ ሆነ?

ደብተርና ስልክ ላለው ሰው መርሳት ችግር ቢሆንም መጠገኛ አለው። ብዙው ነገር በቃል በሚያዝበት ኅብረተሰብ ግን ኪሳራው ይበዛል። ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ በቦዲዎች፣ እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን ደግሞ በሙርሲዎች ዘንድ እንዳጠኑት የከብት ቀለምና ጥለት ራሱን የቻለ ሰፊ የዕውቀት ዘርፍ ነው። የትኛው ከብት ከማን እንደመጣ፣ ለማን ጥሎሽ እንደተሰጠ፣ ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት የሚቀመጠው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

መንገድም እንደዚሁ ነው። ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. እንዳሳየው አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚሠሩ ሴሎች በሂፖካምፐሷ ውስጥ አሉ፤ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ከሁለት ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሂፖካምፐስ የትውስታ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የቦታ ካርታም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከጉዳት በኋላ አዲሱን የግጦሽ ቦታ ወይም የውኃ ጉድጓድ ተመልሶ ማግኘት ያቃተው እረኛ «ፈራ» ወይም «ሰነፈ» ሊባል አይገባውም። ካርታው ተጎድቶበት ሊሆን ይችላል።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት

ሐኪም ጭንቅላቱ የተመታን ሰው «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ወሩስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ በአዲስ አበባ ሊሠራ ይችላል። ተርተን ከክላይቭ ራግልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ግን ሙርሲዎች ወሩ ስንተኛው እንደሆነ እርስ በርሳቸው እንደሚከራከሩ፣ ይህም የአቆጣጠራቸው አንዱ አካል እንጂ ጉድለት እንዳልሆነ አሳይቷል። እንዲህ ከሆነ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው ወሩን በተመለከተ ከጠያቂው ጋር ላይስማማ ይችላል። በዚህ ብቻ «ግራ ተጋብቷል» ብሎ መመዝገብ ስህተት ይሆናል።

የተሻለው ሰውየው በሚኖርበት ነገር መጠየቅ ነው። የገበያ ቀን ለዚህ ጥሩ ነው። የጂንካ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ፣ የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የቱርሚ ሰኞ ነው። «ያለፈው ገበያ ካለፈ ስንት ቀን ሆነ?»፣ «እዚህ ማን አመጣህ?»፣ «ጠዋት ምን በላህ?» ማለት ይቻላል። ሦስት የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ስም ነግሮ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲደግማቸው ማድረግም መልካም ነው። ጥያቄው በሰውየው ቋንቋ ይሁን። አስተርጓሚው ዘመድ ከሆነ ደግሞ መልሱን እንዳያቀብለው አደራ ማለት ያስፈልጋል፤ ለዘመድ አዝኖ መርዳት ባህላችን ነውና።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት እንጠንቀቅ። ከላይ እንዳየነው ሁለተኛው ዙር ጉዳት ከምቱ በኋላ ስለሚመጣ ሊቀነስ የሚችለውም እሱ ነው። ራሱን የሳተን ሰው ውኃ አንግት፤ ትን ሊለው ይችላል። አንገቱ ሊጎዳ ስለሚችል አንጎትተው። ደም እንዳይፈሰው፣ አየር እንዳያጥረው እናድርግ። አንዳንድ ሰው ራሱን ስቶ ይነቃና «ደህና ነኝ» ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን በቅልና በአንጎል መካከል የሚፈስ ደም ይጥለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀንና ሌሊት ብቻውን አይደር። የሚብስ ራስ ምታት፣ የሚደጋገም ትውከት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የሁለቱ ዓይኖች ብሌን መጠን መለያየት ከታየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ርቀታችንን እናስብ። ጂንካ ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ከኖርዌይ ጋር በመተባበር ነው። የሠለጠኑ ሐኪሞች ቁጥር ከዚያ ወዲህ ቢጨምርም ለእኛ መንገዱ ያው ሩቅ ነው። መከላከልን የሚያህል ሕክምና የለንም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከዳነ በኋላ እንከታተለው። ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው አብዛኞቹ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት መመለስ ይመከራል። እንቅልፍ ይጠቅማል፤ አረቄና ጫት ይጎዳሉ። ትውስታው ለደከመ ሰው ደግሞ ነገሮችን በቋሚ ቦታ ማስቀመጥ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ፣ የነገርነውን እንዲደግመው ማድረግ፣ ማንበብ ከቻለ በደብተር መያዝ ይረዳዋል። ከብት የሚጠብቅ ከሆነ ለጊዜው ከጓደኛ ጋር ይሰማራ።

በመጨረሻም አብዛኞቻችን ነገ ከነገ ወዲያ በየወረዳው መምህር፣ አማካሪ ወይም የጤና ባለሙያ ሆነን እንሄዳለን። ከዕረፍት የተመለሰ አንድ ተማሪ ውጤቱ ድንገት ቢወርድና የተነገረውን ሁሉ ቢረሳ፣ ከመቅጣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ «በቅርቡ ወድቀህ ወይም ጭንቅላትህን ተመትተህ ታውቃለህ?» ጥያቄው ምንም ወጪ የለውም። ለዚያ ልጅ ግን «ሰነፍ» ተብሎ ከትምህርት በመውጣትና ጊዜ ተሰጥቶት በማገገም መካከል ያለው ልዩነት እሱ ሊሆን ይችላል።